ባትሪ ስትገዙ መጀመሪያ ድንጋዩን እዩ

እኛ «ባትሪ» የምንለው መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» እንለዋለን። ሱቅ ስንገባም የምንመረምረው መብራቱን ነው። አብርተን ጣሪያ ላይ እናየዋለን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ግድግዳ ላይ እንሞክረዋለን፣ ዋጋ ተከራክረን ይዘን እንወጣለን። መብራት በጠፋበት ምሽት ወይም ተራራ ላይ ድንኳን ውስጥ የሚከዳው ግን አምፖሉ አይደለም። ኤልኢዲ ካልተቃጠለ በስተቀር በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ይሠራል። የሚከዳው ድንጋዩና እሱን የሚሞላው ቻርጀር ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ዕቃዎች የመዘንናቸውም በዚሁ ነው፤ ብርሃናቸው ሁለተኛ ነው።

ካርቶኑ ላይ «100,000 ሉመን» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል ካያችሁ ሳቁና እለፉ። ጥሩ ነጭ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት የሚያወጣው በግምት ከ100 እስከ 150 ሉመን ነው። 100,000 ሉመን ለማውጣት እንግዲህ ወደ 1,000 ዋት ገደማ ሊያስፈልግ ነው፤ ይህ የአንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጉልበት ነው፣ በመዳፍ ተይዞ የሚዞር አይደለም። እውነቱን ለማወቅ ከድንጋዩ ተነሱ። 18650 የሚባለው ድንጋይ (18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት) 3,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ከሆነ (የሚይዘው መጠን ነው፤ ገበያው በአጭሩ «ሚሊአምፒር» ይለዋል) በ3.6 ቮልት ተባዝቶ 10.8 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በዋት 100 ሉመን ብላችሁ ስታሰሉት 1,000 ሉመን ለአንድ ሰዓት፣ 100 ሉመን ለ10 ሰዓት ያህል ይወጣዋል። ከዚህ አብልጦ የሚምል ሻጭ ወሬ ነው የሚሸጠው። ያውም 1,000 ሉመን በትንሽ ባትሪ ውስጥ ሰዓት አይዘልቅም። አካሉ ስለሚግል የውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ራሱ ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ብርሃኑን ይቀንሰዋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ መከላከያ ነው።

ደግሞስ ይህን ሁሉ ብርሃን ለምን? ወጥ ቤት ውስጥ ባትሪውን አቁማችሁ ወደ ነጭ ኮርኒስ ብታበሩት 30 ሉመን ሽንኩርት ያስከትፋል። ድንኳን ውስጥ 10 ይበቃል። ለእግር መንገድ ከ50 እስከ 100፣ የጠፋ ከብት ለመፈለግ ወይም አጥር ጥግ ያለውን ጅብ ለማየት 300 እና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ከፍተኛው ስንት ነው?» ሳይሆን «ዝቅተኛው ስንት ነው?» መሆን አለበት። ዝቅ የማይል ባትሪ በረጅም የመብራት መጥፋት ጊዜ አያገለግልም።

ደህና አምራቾች ቁጥራቸውን «ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል 1» በሚባለው መለኪያ ይጽፋሉ። በእሱ መሠረት ሉመን የሚለካው ባትሪው ከበራ 30 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው። የቆይታ ሰዓቱ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ነው። ርቀቱ ደግሞ ብርሃኑ 0.25 ሉክስ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃ ያህል እስኪደክም ድረስ ነው። ስለዚህ «200 ሜትር» ሲል በ200 ሜትር የቆመውን ሰው መልክ ትለያላችሁ ማለት አይደለም፤ ለሥራ የሚሆነውን ግማሹን ቁጠሩ። ውኃን የመቋቋም ደረጃው በ«አይፒኤክስ» ይጻፋል፦ አይፒኤክስ 4 ለዝናብ ነው፤ አይፒኤክስ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ።

በየሰፈሩ ሱቅ በብዛት ያለው ከጀርባው ስፒና የሚወጣለት የፕላስቲክ ባትሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም በሉት። ርካሽ ነው፣ ለአንድ ምሽት ጥሩ ያበራል፣ ግን ሁለት ከባድ ጉድለት አለው። የመጀመሪያው፣ እርሳስ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ተጠቅማችሁ ሳትሞሉት ወር ሁለት ወር ከከረመ በሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገርበትና ከዚያ በኋላ ቢሞላም አምስት ደቂቃ አብርቶ ይተኛል። «ባትሪው ተበላሸ» ተብሎ የሚጣለው አብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በተጠቀማችሁበት ዕለት ሙሉት፤ ባትጠቀሙበትም በየሁለት ወሩ ሙሉት። አብዛኛው ሲሞላ ራሱን የሚያቋርጥበት ነገር የለውምና ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ሶኬት ላይ አታሳድሩት።

ሁለተኛው ጉድለት አደጋ ነው። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመር የለም። 220 ቮልቱን የሚቀንሰው አንድ ካፓሲተርና ጥቂት ዳዮድ ነው፤ ስለዚህ ሶኬት ላይ እያለ የውስጥ ብረቱ ሁሉ ኮረንቲ አለበት። የተሰነጠቀውን፣ ክዳኑ የላላውን፣ በእርጥብ እጅ አትንኩት፤ ልጆችም አይንኩት። ሶኬት ላይ እያለ ማብራትም ክልክል ነው። የውስጡ የእርሳስ ባትሪ ከደከመ ቮልቱ ከልክ በላይ ወጥቶ ኤልኢዲዎቹን በአንድ ቅጽበት ያቃጥላቸዋል። የእኛ ፍርድ፦ ለቤት፣ ያውም ሥርዓቱን ለሚጠብቅ ሰው ብቻ። ለጉዞ አይሆንም።

ትልቁን ድንጋይ (ደብል ኤ ሳይሆን የድሮውን ወፍራሙን) የሚበላው የቆርቆሮ ባትሪ እየቀረ ቢሆንም አንድ የማይነካ ብልጫ አለው፤ ድንጋዩ ገጠር ሱቅ ውስጥም ይገኛል። ታይገር ሄድና መሰሎቹ የዚንክ ካርቦን ድንጋዮች ናቸው። ዚንኩ ራሱ ቆርቆሮው ስለሆነ ሲያልቅ እየተበላ ሄዶ ያፈስሳል፤ ያለቀ ድንጋይ ባትሪ ውስጥ አታስቀምጡ። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ዘዴ ነው። ሙቀቱ ኬሚካሉን ቀስቅሶ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል እንጂ የሄደውን ጉልበት አይመልስም፣ ማፍሰሱን ግን ያፋጥነዋል። አዲስና አሮጌ ማደባለቅም እንደዚሁ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን በግልባጭ እየገፋ ያስፈስሰዋል።

ጭንቅላቱን ስትስቡት ብርሃኑ የሚሰበሰበው ባለ ብረቱ የዙም ባትሪ ደግሞ ወይ ሦስት ትሪፕል ኤ ወይ አንድ 18650 ይበላል። አካሉ ደህና ነው፣ ኤልኢዲውም አንዳንዴ ደህና ነው። ችግሩ አብሮት በካርቶን የሚመጣው ድንጋይና ቻርጀር ነው። ሁለቱንም ጥላችሁ በጥሩ ድንጋይ ብትተኩ ይህ ባትሪ ከዋጋው በላይ ያገለግላል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ሦስት ትሪፕል ኤ የሚይዘው የፕላስቲክ ማቀፊያ ስፕሪንጉ ቶሎ ይላላል፤ ስትነቀንቁት ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

የእኛ ምርጫ ባትሪው ውስጥ ራሱ በታይፕ ሲ የሚሞላና 18650 ድንጋዩ ወጥቶ የሚቀየር ነው። ዉርክኮስ ኤፍሲ11 እና ሶፊርን ኤስሲ31 ፕሮ በዚህ መደብ ውስጥ ዋጋቸው መጠነኛ፣ ሥራቸው የታመነ ነው። ኤፍሲ11 ጅራቱ ማግኔት ስለሆነ የመኪና ኮፈን ላይ ወይም ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፤ ጎማ ለሚቀይር ሰው ይህ ከ500 ሉመን ይበልጣል። ኤስሲ31 ፕሮ ብሩህ ነው፣ ግን በአንድ ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ የሚመራው ሥርዓቱ ለአያት የሚሰጥ አይደለም። የሁለቱም ቁልፍ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ጠፍተውም ትንሽ ትንሽ ይጠባሉ፤ ሻንጣ ውስጥም በስህተት ይበራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጅራቱን ክዳን ሩብ ዙር አላሉት፣ መስመሩ ይቋረጣል።

በእግር ለሚጓዝ ግን የእጅ ባትሪ ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ የግንባር ባትሪ ያስፈልገዋል። ሰሜን ተራሮችን እንውሰድ። ራስ ደጀን (4,550 ሜትር) የሚወጣ ሰው ከአምቢቆ የሚነሣው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ እጅ ዱላ ይዟል፣ ሌላው ቋጥኝ ይጨብጣል፤ ባትሪ የሚይዝ እጅ የለም። ለዚህ እንደ ፔትዝል ቲካ ያለ፣ ሦስት ትሪፕል ኤም የራሱን የሚሞላ ድንጋይም የሚቀበል ይሻላል። የሚሞላው ቢያልቅ ደባርቅ ላይ የገዛችሁት ትሪፕል ኤ ያወጣችኋል። ቀዩን መብራት አትናቁት፤ ድንኳን ውስጥ የተኛውን ሰው አይቀሰቅስም፣ ዓይናችሁም ጨለማውን እንደለመደ ይቆያል።

ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጭንቅ በሚባሉት ካምፖች አራት ሌሊት ብታድሩ፣ በምሽት ሦስት ሰዓት ብታበሩ 12 ሰዓት ነው። በ100 ሉመን ከአንድ 18650 ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ መለዋወጫ ከያዛችሁ ሰላም ነው። በካምፖቹ ሶኬት ላይ አትመኩ። ብርዱ ግን ሒሳቡን ያዛባዋል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ከዜሮም በታች ይሄዳል። በዚያ ብርድ አልካላይን ድንጋይ ጉልበቱ በእጅጉ ይወድቃል፣ ሊቲየም-አዮንም (18650 የዚህ ዓይነት ነው) ይደክማል። ማታ ድንጋዩንና ስልኩን የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም-አዮን ድንጋይ ደግሞ በፍጹም አትሙሉ፤ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ልባስ ይጋገራል፣ ጉዳቱም አይመለስም። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይሞላ። ብርድም ሙቀትም የማይበግረው የማይሞላው ኢነርጃይዘር አልቲሜት ሊቲየም ነው፤ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ውድ ነው፣ ግን ለመጠባበቂያ ከሱ የሚበልጥ የለም። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ በሚውል መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ባትሪም ይህ ድንጋይ ይግባበት እንጂ የሚሞላ ሊቲየም-አዮን አይሁን፤ ሙቀቱ ይገድለዋል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ 18650 ድንጋዩ። ገበያው በሐሰተኛ የተሞላ ነው። «9,900 ሚሊአምፒር» የሚል ካያችሁ ውሸት መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዚህ መጠን የተሠራ እውነተኛ ድንጋይ ጣሪያው ከ3,500 እስከ 4,000 ገደማ ነው። ለተቀረው ሚዛን ይበቃል። እውነተኛው ከ44 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ሐሰተኛው 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ውስጡ ትንሽ ድንጋይ አድርገው ቀሪውን ባዶ ወይም በሌላ ነገር የተሞላ ያደርጉታል። የወርቅ ሚዛን ያለው ጎረቤት ካለ ሂዱና መዝኑ። ክብደቱ ልክ ሆኖ አሮጌ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከተጣለ ላፕቶፕ ባትሪ ተፈልቅቆ አዲስ ልባስ የለበሰ ነው፣ ምን አለሽ ተራ ላይ ብርቅ አይደለም። ሁለቱን ጫፎች በብርሃን እዩ፤ የብየዳ ነጠብጣብ ወይም የተፋቀ ምልክት ካለ ሠርቶ የወጣ ነው። ይሠራ ይሆናል፣ ግን በአዲስ ዋጋ አትግዙት።

ርዝመቱንም ለኩ። መከላከያ ሰሌዳ ያለበት ድንጋይ እስከ 70 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ አንዳንድ ባትሪ ውስጥ አይገባም። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ አንዳንድ ባትሪ ላይ አይነካም፣ ጉብ ያለው ጫፍ ያስፈልጋል። ሻጩ ፊት አስገብታችሁ አብሩት።

ቻርጀር። ከርካሽ ባትሪ ጋር የሚመጣው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ባለ አንድ ቀዳዳ ቻርጀር ነው ቤት የሚያቃጥለው። ሊቲየም-አዮን የሚሞላው በቋሚ አምፒር ተጀምሮ 4.2 ቮልት ሲደርስ ቮልቱ ተይዞ፣ አምፒሩ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ተቋርጦ ነው። ርካሹ ቻርጀር መብራቱን ወደ አረንጓዴ ቀይሮ መግፋቱን ሊቀጥል ይችላል። ፈተናው ይህ ነው፦ ድንጋዩን ሙሉት፤ አረንጓዴ ሲሆን አውጥታችሁ በቴስተር ለኩ። 4.15 እና 4.22 መካከል ከሆነ ደህና። መልሳችሁ ለሁለት ሰዓት ተዉትና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከ4.25 ካለፈ ቻርጀሩን ሰብራችሁ ጣሉ፤ ለሌላ ሰው አትስጡ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የተገኘ ድንጋይም እንዲሁ ይጣል። «ቀስቅሼ አስነሣዋለሁ» የሚል ጥገና ቤት አይጠፋም፤ አትስሙት።

የምንመክረው ሊቶካላ ሊ-500 ነው። አራት ቀዳዳ አለው፤ 18650ንም ደብል ኤና ትሪፕል ኤንም ይሞላል። አምፒሩ ከ300፣ 500፣ 700 እና 1,000 ሚሊአምፒር ይመረጣል፤ ለ18650 ድንጋይ 500 ወይም 1,000፣ ለሚሞላው ደብል ኤ (ኢኔሎፕ ለምሳሌ) 700 ወይም 1,000 አድርጉት። እንዲህ ያለውን የኒኬል ድንጋይ በ300 ከሞላችሁት መሙላቱን የሚናገርበት ምልክት በጣም ደካማ ስለሚሆን ቻርጀሩ ሊያመልጠውና ከልክ በላይ ሊሞላው ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው «ኖር ቴስት» የሚለው ሥራው ነው። ድንጋዩን ሞልቶ፣ አውርዶ፣ እንደገና ሞልቶ እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል። 3,000 ሚሊአምፒር ድንጋይ በ1,000 ምርጫ ወደ ግማሽ ቀን ይወስድበታል። እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ አለ፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሙከራው ይሰረዛል፣ ሲመለስ ከመጀመሪያው ነው። ደግነቱ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ተስማሚ ገመድ ካለ ከመኪና ባትሪም ይሠራል። ኤክስታር ቪሲ4 በዩኤስቢ የሚሠራ፣ ለጉዞ የሚቀል አማራጭ ነው። በየትኛውም ቢሆን ፍራሽና ሶፋ ላይ አትሙሉ። ሴራሚክ ወለል ወይም ያረጀ የሸክላ ምጣድ ምርጥ ማስቀመጫ ነው።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉት። ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይል አንዳንዴ ከ220 በእጅጉ ይዘላል፤ አምስት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩት።

የታይፕ ሲ ነገርም ብዙ ሰው ያሳስታል። «አዲሱ ባትሪዬ አይሞላም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ርካሽ ዕቃዎች ቀዳዳቸው ውስጥ ሊኖሩ የሚገቡ ሁለት ባለ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ይጎድሏቸዋል፤ እነሱ ከሌሉ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ኃይል አይለቅላቸውም። ያንዱን ጫፍ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ አድርጉና ይሞላል። ይህን ገመድ ከባትሪው ጋር አስራችሁ አስቀምጡ።

ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈው 10,000 ሚሊአምፒር የውስጥ ድንጋዩ በ3.7 ቮልት ነው፤ 37 ዋት-ሰዓት። ወደ 5 ቮልት ሲያድግ ብክነቱ ተቀንሶ የምታገኙት ከ6,000 እስከ 6,500 ያህል ነው። ይህ አንድ 18650 ሁለት ጊዜ መሙላት ነው፣ ስልካችሁን ካልቆጠርን። ደህና አምራች ይህን ትንሹን ቁጥር ከጀርባው በደቃቁ ይጽፈዋል፤ ካልጻፈ ጠርጥሩ።

ታጣፊ ሶላር ስለሚባለው አጭር ቃል። በበጋ ጥርት ባለ ቀን ከተጻፈው ዋት ስድሳ ሰባ በመቶ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ በክረምት ደመና እሱም ሕልም ነው። የቅጠል ጥላ ጥግ ላይ ቢያርፍ እንኳ ብዙውን ኃይል ይወስዳል። ቀን ፓወር ባንኩን ይሙላ፣ ማታ ፓወር ባንኩ ባትሪውን ይሙላ፤ ፓወር ባንኩ ግን ከሰሌዳው ሥር ጥላ ውስጥ ይሁን እንጂ ፀሐይ ላይ አይጋል። ለቤት መጠባበቂያ ደግሞ ሶላር የተገጠመላቸው ፋኖሶች፣ ሰን ኪንግና ዲላይት የመሳሰሉት፣ ከማንኛውም የእጅ ባትሪ ይሻላሉ። ቬራሶል የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ ያለውን ምረጡ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ድንጋይ መሙያው 3.65 ቮልት ነው፤ ሲያልቅ በተራ 18650 መተካት ወይም በ4.2 ቮልት ቻርጀር መሙላት አይቻልም።

ለክፉ ቀን የሚቀመጥ 18650 ሙሉ ሆኖ አይቀመጥም፣ ቶሎ ያረጃል። ከ3.7 እስከ 3.8 ቮልት አድርጉት፣ በየሦስት ወሩ ለኩት። ይህ ለሚሰንፍ ሰው ኢኔሎፕ ይሻለዋል፤ አምራቹ እንደሚለው ሞልቶ ተቀምጦ ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ 70 በመቶውን ይዞ ይገኛል። አልካላይን ያፈሰሰበት ባትሪ ካላችሁ ነጩ ዱቄት አልካሊ ነውና ጓንት አድርጋችሁ በጥጥ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ነክራችሁ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ስፕሪንጉ ካልተበላ ይነሣል።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ የሚያስመጣ ሰው ይህን ይንገረው፦ ትርፍ ሊቲየም ድንጋይና ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ በራሱ የፕላስቲክ ሣጥን ይሁን ወይም ጫፉ በፕላስተር ይሸፈን። ፓወር ባንክ እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም እስከ 27,000 ሚሊአምፒር ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ጽሑፉ የጠፋበት ግን ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላልና ዋት-ሰዓቱ በግልጽ የሚነበብበትን ይያዙ።